ትርፍና ትራፊ

“ተረፈ” የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ልጆች ወልዷል። የመጀመሪያው ትርፍ ይባላል። ትርፍ ገና በጠዋቱ መርካቶ ወርዶ ሱቅ ከፈተ፣ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ፤ ስሙ ሲጠራ የሁሉም ፊት ይፈካል። ሁለተኛው ትራፊ ነው። ትራፊ ከጓዳ ሳይወጣ ቀረ፤ ዛሬም በተከደነች ሳህን ውስጥ ተኮራምቶ፣ ከፍሪጁ ጥግ ሆኖ፣ ማን እንደሚደፋው ይጠብቃል። ነጋዴው ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ የቀረለትን አይቶ “ተመስገን!” ይላል። የቤት እመቤቷ ግን ገበታው ሲነሳ የቀረላትን አይታ “አሁን ይሄን ምን ላድርገው?” ትላለች። አባታቸው አንድ፣ ዕድላቸው ለየቅል። ይህች ወግ ለታናሽየው ጥብቅና የቆመች ናት። የምትለውም ረጅም አይደለም፦ ኑሮውን አስወደዱት ብለን ከደረደርናቸው ተጠርጣሪዎች መካከል አንዱ ተዘሏል። የተዘለለው ሰው አድራሻው የራሳችን ጓዳ ነው፤ እጃችን የሚደርስበትም እሱ ብቻ ነው።

የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር መቼም የሚያልቅ አይደለም። ባለሥልጣኑ “ስግብግብ ነጋዴ” ይላል፤ ነጋዴው ወደ ደላላው ይጠቁማል፤ ደላላው ነዳጁን፣ ሾፌሩ ኬላውን፣ ሁሉም ተባብረው ደግሞ ዶላሩን ይከሳሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ። ክሱ መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። እነዚህን ጓዳ ተቀምጦ ማውረድ የሚችል ሰው የለም። ግን አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ እንጀራ 20 ብር ነው እንበል (የሰፈራችሁ ዋጋ ከዚህ ከበለጠ ልዩነቱን እናንተው ደምሩበት፤ ማነሱንስ እንጃ)። አምስት እንጀራ በ100 ብር ተገዝቶ አራቱ ተበልቶ አንዱ ሻግቶ ቢጣል፣ ያ ቤት የበላውን እያንዳንዱን እንጀራ የገዛው በ25 ብር ነው። ነጋዴው 20 ያለውን 25 ያደረገው ማነው? ደላላ በመካከል አልገባም፤ ኬላም አልነበረም። በአንድ ሌሊት 25 በመቶ ጭማሪ የተደረገው መሶቡ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጭማሪ ባለሱቁ ቢያደርግ ኖሮ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ይጮህ ነበር።

“ቆይ፣ እኛ ደግሞ የሚጣል ከየት አመጣን?” የሚል ድምፅ ከወዲሁ ይሰማል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ብዙዎቻችን ምግብ መጣል የፈረንጅ አመል ይመስለናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ግን ይህን እምነት ክፉኛ አናግቶታል። በፈረንጆቹ 2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው በሆቴል ወይም በሱቅ ሳይሆን በየቤቱ ነው። ለአንድ ሰው ሲካፈል በዓመት 79 ኪሎ ይደርሳል። ይበልጥ የሚገርመው፣ በሀብታም አገሮችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቤቶች መካከል ያለው አማካይ ልዩነት ለአንድ ሰው በዓመት 7 ኪሎ ብቻ ሆኖ መገኘቱ ነው። 79 ኪሎውን ወደምናውቀው ልኬት እናምጣው፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት 395 ኪሎ ይሆናል፤ ማለትም አራት ኩንታል ሊሞላ አምስት ኪሎ የጎደለው። እርግጥ ይህ የዓለም አማካይ እንጂ የእኛ ቤት ሚዛን አይደለም፤ ልጣጩንና አጥንቱንም ይጨምራል። ቢሆንም ልጣጩ፣ አጥንቱና “እኛማ እንደነሱ አይደለንም” የሚለው ኩራት ሁሉ ተቀንሶ ሩቡ ብቻ ይደርሰናል ብንል እንኳ አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው። አንድ ኩንታል ጤፍ ደግሞ ከ10 ሺህ ብር በላይ በሚሸጥበት ዘመን አንድ ኩንታል ነገር ከቤት ወጥቶ ሲሄድ ቢያንስ ጎረቤት “ዘራፊ ገባ” ብሎ መጮህ ነበረበት።

በልቶ ማደር ፈተና የሆነበት ቤት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። በአዲስ አበባ ከየሆቴሉ የሚሰበሰበውን ትራፊ “ቡሌ” ብሎ በጉርሻ የሚገዛ ሰው ስለ ቁጠባ ከማንም ትምህርት አያሻውም፤ እንዲያውም አስተማሪው እሱ ነው፤ ትራፊ ዋጋ እንዳለው በጥሬ ገንዘብ ያረጋገጠው እሱ ብቻ ነውና። ወጉ የሚመለከተው የወር አስቤዛ የሚገዛውን፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ “ገንዘቡ የት ገባ?” እያለ ኪሱን የሚዳብሰውን መካከለኛ ቤት ነው። ገንዘቡ የት እንደገባ በከፊልም ቢሆን የሚታወቅ ነገር ነው። ፌስታል ውስጥ ገብቷል፤ ፌስታሉም ተቋጥሮ በር ላይ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ማን ብዙ እንደሚበላ እንጠይቅ። አባወራው አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆችም አይደሉም። በየቀኑ ድርሻው የሚሠራለት፣ ድስቱ በእሱ ልክ የሚጣደው፣ ሽንኩርቱ በእሱ ምክንያት ሁለት ራስ የሚጨመርበት ሰው አለ፤ እሱም “ምናልባት የሚመጣው እንግዳ” ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም። መልኩን ያየ የለም። ነገር ግን ከአምስት ቤተሰብ ጋር ስድስተኛ ሆኖ በየምሳውና በየእራቱ ይሰፈርለታል። “ሰው ቢመጣስ?” ይባላል፤ አንድ ጭልፋ ይታከላል። ይህ ሥጋት ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ስልክ ባልነበረበት ዘመን ዘመድ ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነስቶ ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው ውሻው ብቻ ነበር፤ ውሻው ጮኾ እንግዳው ተቀምጦ ውሃ እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ምጣድ ለማሰማት አይበቃም። እናት አስቀድማ ብትጨምር ብልህ እንጂ አባካኝ አትባልም። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ሰው ደውሎ፣ መልሶ ደውሎ፣ “መንገድ ዘጋጋብኝ” ብሎ ሦስተኛ ደውሎ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አይመጣም። እንግዳው ዘመናዊ ሆኗል፤ ድስቱ ግን ገና አልሰማም።

እዚህ ላይ “እንግዳ ተቀባይነታችንን ልታስቀሩን ነው” የሚል ክስ መምጣቱ አይቀርም። ክሱ ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብሎ መመለስ ይገባዋል። እንግዳ መቀበል ማለት ለእንግዳው የሚቀርብ ነገር አለማጣት ማለት ነው፤ የሚቀርበው ነገር ከትናንት ወዲያ ተሠርቶ ሲጠብቀው መክረም አለበት ማለት ግን አይደለም። ለዚህም ቅድመ አያቶቻችን አንድ ታላቅ ኢንሹራንስ ትተውልናል፤ እሱም ሽሮ ነው። በቆርቆሮ የተቀመጠ የሽሮ ዱቄት ወር ከወር ይቆያል፤ እንግዳው ደውሎ “ደረስኩ” ካለበት ደቂቃ አንስቶ ጫማውን እስኪያወልቅ ይንተከተካል። የበሰለ ምግብ ከሰዓቱ ጋር ይሯሯጣል፤ ዱቄት ግን ተረጋግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ስድስተኛውን ሰው ከቤት እናባርረው አይባልም፤ መቀመጫው ከድስቱ ወደ ቆርቆሮው ይዛወር ነው የሚባለው። ክብሩ አልተነካም፤ የተነካው ቦታው ብቻ ነው።

ሁለተኛው በላተኛ ፍርሃት ነው። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲነሳ ሰው ከሚበላው በላይ ይገዛል። ይህ ምክንያት አልባ አይደለም፤ ዋጋው እውነትም ይጨምራል። ነገር ግን ሽንኩርት ወርቅ አይደለም፤ ቢያስቀምጡት ያበቅላል፣ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ኪሎው 100 ብር በሆነበት ቀን አሥር ኪሎ በአንድ ሺህ ብር ተገዝቶ በፌስታል እንደታሰረ ከማድቤቱ ወለል ላይ ተጥሎ ሦስቱ ኪሎ ቢበላሽ፣ የተረፈው ሰባት ኪሎ እያንዳንዱ ወደ 143 ብር ወጥቶበታል። ያ ሸማች አተረፈ ለመባል ሽንኩርት በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ መወደድ ነበረበት። እንዲህ ስለሆነ ዋጋው ሲጨምር ያዝናል፤ ዋጋው ሳይጨምር ሲቀር ደግሞ ይበልጥ ያዝናል። ሽንኩርት በፌስታል አይታሰርም፤ ነፋስ ያለበት ደረቅ ቦታ ይዘረጋል። ድንች ከብርሃን ይሸሸጋል። ይህን ለመናገር ምሁር መሆን አያሻም፤ አትክልት ተራ በጆንያ ላይ ተቀምጠው የሚቸረችሩት እናቶች ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ይናገራሉ። ችግሩ ዋጋውን እንጂ አቀማመጡን የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ “ቁጠባ ዘመን ያመጣው ነገር ነው፤ ባህላችን ልግስና እንጂ ቆጠራ አይደለም” ይላል። ይህኛው ከሁሉም ይልቅ ከእውነት የራቀ ነው፤ የኢትዮጵያ ጓዳ በትራፊ ላይ የተመሠረተ ነውና። ከእንጀራው እንጀምር። አዲስ ሊጥ የሚቦካው በእርሾ ነው፤ እርሾ ደግሞ ካለፈው ሊጥ ላይ ተቀንሶ የተቀመጠ ነገር ነው። ማለትም ትራፊ የሌለበት እንጀራ ከቶ የለም፤ የዛሬው ትኩስ እንጀራ የባለፈው ሳምንት ትራፊ የልጅ ልጅ ነው። እንጀራው ሲያድር ፍርፍር ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ድርቆሽ ይሆንና ዘማችን፣ ነጋዴን፣ ተማሪን ስንቅ ሆኖ ያጅባል፤ ዛሬም ከቦሌ አውሮፕላን ተሳፍሮ ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል፤ ቪዛ እንኳ አይጠየቅም። ሥጋው ይዘለዘልና ቋንጣ ይሆናል። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በእሳት ሞቅ ብሎ አይብ ይሆናል፤ ከአይቡ የተጣራው አጓት ደግሞ ከጥጃው አያልፍም። የጠላው አተላ ሳይቀር ባለቤት አለው፤ ላሚቱ ተሰልፋ ትጠብቀዋለች። ከወደቀች ቁራሽ ዳቦ ላይ እግር እንዳያርፍ አንስቶ ከፍ ያለ ቦታ የሚያስቀምጥ ሕዝብ “ቆጠራ አናውቅም” ሲል መስማት ይገርማል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጥበብ የያዘ ሕዝብ መቼ ጣይ ሆነ? እንደ እኔ ግምት ጣይ የሆንነው አመላችን ስለተበላሸ አይደለም፤ የትራፊው ወራሾች ስላለቁ ነው። በድሮው ግቢ ትራፊ ብዙ ወራሽ ነበረው። እንጀራው ከገበታው ሲነሳ መጀመሪያ ለምትረዳው ልጅ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ልጆች፣ ከዚያ ለዶሮዎቹ፣ መጨረሻ ለውሻው ይደርስ ነበር፤ ሰንሰለቱ ከመርዘሙ የተነሳ መጣያው ጋ የሚደርስ ነገር አልነበረም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ ዕጣ ወጣ፣ ቤተሰቡም አራተኛ ፎቅ ወጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ የለም፤ ላም የለችም፤ ጎረቤቱም በሩን ቆልፎ ቴሌቪዥን ያያል። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ትራፊው ያለ ዘመድ ቀረ። የማብሰያው መጠን ግን ከግቢው ሳይቀነስ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ፤ ድስቱ ያው ያኔ ለአሥራ ሁለት ሰው የተገዛው ድስት ነው። ፌስታሉም ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ጉዞውን ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ዙር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ በላይ መብራት በላተኛ ነው። በዚያ መብራት የተጋገረው እንጀራ ሻግቶ ይጣልና ወደ ረጲ ቆሻሻ መጣያ ይወርዳል፤ ረጲ ላይ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ቆሻሻ አንድዶ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። መብራቱ እንጀራ ሆኖ፣ እንጀራው ቆሻሻ ሆኖ፣ ቆሻሻው ተመልሶ መብራት ሊሆን ይሞክራል። ይሞክራል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኛ ቆሻሻ በአብዛኛው እርጥብ የምግብ ትራፊ ስለሆነ ከመንደዱ በፊት ውሃው መድረቅ አለበት። ሽሮ ብዙ ችሎታ አለው፤ ማገዶ መሆን ግን አልተሰጠውም።

በዚህ መሐል ፍሪጅ የሚባል ዕቃ ገባ። ብዙ ቤት ውስጥ ፍሪጅ የሚታመነው እንደ ሐኪም ነው፤ የገባው ነገር ሁሉ ድኖ የሚወጣ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ፍሪጅ የቀጠሮ ቦታ ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ ያው መቃብር ነው። ሳህኑ ሰኞ ይገባል፤ ማክሰኞ በአዲስ ድስት ይገፋል፤ ረቡዕ ከኋላ ይሰለፋል፤ ቅዳሜ አንድ ሰው ክዳኑን ከፍቶ “ይሄ ምን ነበር?” ይላል። ያ ጥያቄ ከተጠየቀ ነገሩ አክትሟል። መድኃኒቱ ሌላ ፍሪጅ መግዛት አይደለም፤ አዲስ ድስት ከመጣዱ በፊት ከኋላ ያለው ሳህን ወደ ፊት መምጣት አለበት፣ በቃ። እንጀራም እንዲሁ ነው። ትኩሱን እንደወጣ ፌስታል ውስጥ ማፈን እንፋሎቱን አብሮ ማፈን ነው፤ ሻጋታ ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። ሰፌድ ላይ አቀዝቅዞ ወደ መሶብ ማስገባት የመጣው ለመሶቡ ውበት አልነበረም።

“ያደረ ምግብ በሽታ ነው” የሚለውን ተቃውሞ ግን በቀልድ ማለፍ አይገባም፤ ግማሹ እውነት ነው። የሻገተ እንጀራ ሻጋታውን ፍቆ መብላት ቁጠባ አይደለም፤ ሻጋታው ከሚታየው በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና። የዓለም ጤና ድርጅትም የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ፣ ሲሞቅም እስኪያፈላ በደንብ እንዲሞቅ ይመክራል። መብራት ጠፍቶ የዋለበትን ፍሪጅም “ገና ቀዝቃዛ ነው” ብሎ በእጅ ዳብሶ ማመን አይበጅም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚነግረን ትራፊን እንድንፈራው አይደለም፤ እንድንቀድመው ነው። የሚያሳምመው የዘገየው ነው፤ ከምሳ ተርፎ በወቅቱ የተቀመጠና ለእራት በደንብ የሞቀ ምስር ወጥ ማንንም ሆስፒታል አላደረሰም።

“ዕቅድ ማውጣት አልለመደብንም፤ የሳምንት ምግብ ጽፎ መለጠፍ የፈረንጅ ነው” የሚሉም አሉ። በዓለም ላይ የምግብ ዕቅድ በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ቢፈለግ የሚገኘው እዚሁ ነው። አንድ ተራ የኦርቶዶክስ ቤት ከ180 በላይ የጾም ቀናትን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ የሚገደፍበትንና የሚያዝበትን ያለ ወረቀት ያውቃል። ማክሰኞ ማታ ዶሮ ወጥ የተሠራ እንደሆነ ትራፊው ረቡዕን ፍሪጅ ውስጥ በግዞት አሳልፎ ሐሙስ እንደሚፈታ ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። በዓለ ሃምሳ ደግሞ ጾም ስለሌለ የፋሲካው ወጥ ረቡዕ ላይ ሳይቆም ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ይህን የመሰለ የቀን መቁጠሪያ ይዞ “ማክሰኞ ምን ልሥራ?” ብሎ መደናገር ምን የሚሉት ነው? ዶሮውን ሰኞ መሥራት በቂ ነበር።

አሁን ስለ ነውር እናውራ፤ ገንዘቡን ከሁሉም በላይ የሚያስጥለን እሱ ነውና። ድግስ ላይ “አለቀ” የሚል ቃል ከተሰማ ደጋሹ ለዓመታት ይታማል፤ “ተትረፈረፈ” ከተባለ ግን ይሞገሳል። ስለዚህ ሃምሳ ሰው ተጠርቶ ለመቶ ይደገሳል፤ የተጠራውም ሰው “በሞቴ! አፈር ስሆን! ይህችን ብቻ!” እየተባለ ይጎርሳል፤ “ጠግቤያለሁ” ማለት ይሉኝታ እንጂ መረጃ ሆኖ ተቆጥሮ አያውቅም። ትሪው ሲነሳም ወጡን ሁሉ የጠጣችው የታችኛዋ እንጀራ፣ የገበታው ንግሥት፣ ጨዋ ለመምሰል ሲባል ሳትነካ ትመለሳለች። ይህን መቁጠር ስስት ነው ይባላል። ስስት ማለት ለሰው መስጠት ሲገባ አለመስጠት ነው፤ ለማንም ሳይደርስ ገንዳ የገባ ነገር ግን ለማን ተሰጠ ይባላል? ከድግስ የተረፈውን በትኩሱ ከፋፍሎ ለጎረቤት፣ ለደጁ ለማኝ፣ ለተማሪ ልጅ ማቋጠር ልግስና ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሲጎመዝዝ ለየኔ ቢጤ መስጠት ግን ምጽዋት ተብሎ አይጻፍም፤ ቆሻሻን በሰው እጅ ማስወጣት ነው። ሃይማኖቱም ከቆጣሪዎች ወገን ነው። በወንጌል አምስት እንጀራ አበርክቶ ሺዎችን የመገበው ጌታ እንደገና ማበርከት እየቻለ ቁርስራሹን አስለቀመ፤ አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። በእስልምናም ማባከን ኢስራፍ ተብሎ የተነቀፈ ነው። በሁለቱም በኩል የሚደፋውን የሚደግፍ ጥቅስ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የፖለቲካ ነው፦ “ትልቁ ብክነት እርሻው ላይና መንገዱ ላይ እያለ የእኛን ማንኪያ ለምን ትቆጥራላችሁ?” የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች እንደሚሉት ከዓለም ምግብ 13 በመቶው ከአጨዳ በኋላ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል። ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተጨናንቆ፣ በፀሐይ ተገርፎ፣ በጉድጓድ ተንጦ አዲስ አበባ ሲገባ ግማሽ መንገዱን ድልህ ሆኖ እንደጨረሰ ለማየት ማለዳ መነሳት ይበቃል። የአትክልት ገበያው ራሱ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ከጃንሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት እንደ አዲስ አበባ ተከራይ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል። ይህ ሁሉ መጋዘን፣ መንገድና መንግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ መጠየቅም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከሜዳው ተርፎ፣ ከመንገዱ ተርፎ፣ ከደላላው ተርፎ፣ የሁሉም ትርፍ ተደራርቦበት በመጨረሻው ውድ ዋጋ ቤት የገባ ቲማቲም ነው እኛ ጋ የሚበሰብሰው። እርሻ ላይ የጠፋው በእርሻ ዋጋ ጠፋ። ፍሪጅ ውስጥ የጠፋው የትራንስፖርቱን፣ የኬላውን፣ የቸርቻሪውን፣ የመብራቱንና የከታፊዋን ድካም ሁሉ ይዞ ነው የጠፋው። ስለዚህ የእኛ ማንኪያ ትንሽ ብትሆንም ከማንኪያዎች ሁሉ ውዷ ናት።

ስለ ከታፊዋ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንበል፤ ቁጠባ ሲሰበክ ጣት የሚቀሰረው ማድቤት ወዳለችው ሴት ነው። ግን ትራፊውን ከመሶቡ ወደ ፌስታል የሚያስኬደው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሳሎን ነው፤ ፍርዱም ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ “እኔ ያደረ አልበላም።” ይህን የሚለው አባወራ ጠዋት ከቤቱ ሳይቀምስ ይወጣል። ትናንት የተረፈው እንጀራና የምስር ወጥ ከኋላው ይደፋል። እሱ ቢሮ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ 4 ሰዓት ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ምግብ ቤት ይወርዳል፤ ሜኑውን ሳያይ ፍርፍር ያዛል። ፍርፍር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የትናንት እንጀራ በወጥ ታሽቶ ነው። ቤቱ ውስጥ ትራፊ ይባል የነበረው ነገር እዚህ “ስፔሻል” የሚል ማዕረግ፣ ከላዩ አንድ ቃሪያና ትልቅ ዋጋ ይዞ ይመጣል፤ ታናሹ ወንድም ከቤት በወጣ በማግስቱ እንደ ታላቁ ለብሶ ማለት ነው። አስተናጋጁ ግን ከኩሽና ተመልሶ አንገቱን ይነቀንቃል።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፍርፍር አልቋል። ትኩስ እንጀራ ብቻ ነው ያለን።”